አሥራ አንድ ጊዜ ደህና

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ልጄ «አባዬ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ስትል ጻፈው» ብላኝ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ቴክሳስ ውስጥ በኦገስት ቀዝቀዝ የሚል ነገር አለ ብሎ የነገራት ማን እንደሆነ እንጃ።

እኔ የጭነት ሰው ነኝ። ጎረምሳ ሳለሁ ናዝሬት ውስጥ ጋሪ ነድቻለሁ፤ ጤፍ፣ ጨው፣ ሲሚንቶ፣ አንድ ጊዜም አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ። እዚህ አገር ከገባሁ በኋላ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ መኪና ነዳሁ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጎማ መሆኑ ነው። ስኳሬ ዓይኔን ሲነካው ሐኪሙ ከባድ መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገኝን የሕክምና ካርድ አልፈርምም አለ። በአንድ ፊርማ እጦት ቤድፎርድ ልጄ ቤት ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ወር ሙሉ ከቲቪ ሪሞት በስተቀር የነዳሁት ነገር የለም፤ እሱንም ቢሆን ልጄ ትቀማኝ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው ጓደኛዬ ነው ያስነሳኝ። እሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻትል ይነዳል፤ ወሬ ሁሉ እሱ መኪና ውስጥ ይሳፈራል።

«ስማ፣ ፎርት ዎርዝ ቱሪስቶቹ ጋ የሰረገላ ነጂ ይፈልጋሉ አሉ» አለኝ። «በቅሎ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሉት።»

«እኔ የማውቀው ፈረስ ነው።»

«ግድ የለም። በቅሎዎቹ አንተን ሲያዩ ዘመድ መጣ ይላሉ።»

ሄድኩ። ቦታው ቀይ ጡብ የተነጠፈበት መንገድ ነው፤ ባቡር ሳይመጣ በፊት ነጋዴ ዕቃውን ወደ ምዕራብ የሚያስጭንበትን ዓይነት ትልቅ የእንጨት ጋሪ በሁለት በቅሎ እያስጎተቱ ለቱሪስት ያሳያሉ። አለቃው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ባርኔጣው ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ልጅ ነው። ዛቡን ሰጠኝ፤ ሁለቱን በቅሎዎች መንገዱን ወስጄ አዞርኳቸውና መለስኳቸው። «ሰር፣ ከሰኞ ጀምር» አለኝ። ቦት ጫማ፣ ማንጠልጠያ ያለው ሱሪና ባርኔጣ ሰጡኝ። ባርኔጣው የሚቆመው ጆሮዬ ላይ ነው። ጆሮ ባይኖረኝ አገጬ ድረስ ይወርድ ነበር።

ቱሪስቶቹ ይጠይቁኛል።

«ከየት ነህ?»

«ከቤድፎርድ።»

«አይ፣ ማለቴ ከዚያ በፊት?»

«ከኢርቪንግ።» እሱም እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ያለ ከተማ ነው።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። የሚያናድደኝ ጭነቱ ብቻ ነበር። በርሜሎቹ ባዶ ናቸው፣ ከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ነው። ዕድሜ ልኬን እውነተኛ ጭነት ስጎትት ኖሬ በስተርጅና አየር ጫንኩ። ጡረታ ማለት ይኼው ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ደሜ እየፈላ ነው።

ናዝሬት የነዳኋት ጋሪ ባለቤት አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠዋት ጋጣው ሲገቡ ለሰው ሰላምታ አይመልሱም። መጀመሪያ የፈረሱን ጀርባና ትከሻ በእጃቸው ይዳብሳሉ። «እንደምን አደሩ ጋሼ» ስላቸው «ቆይ፣ እሱ ይናገር» ይሉኛል። ከዳበሱ በኋላ ነው «እንደምን አደርክ ልጄ» የሚሉት። ያኔ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። እጄ ግን ልማዱን ወረሰ፤ ፎርት ዎርዝም በየጠዋቱ እጄን አንገታቸው ላይ ከሚጠለቀው በቆዳ ከተለበጠው ከባድ ትራስ ስር እሰዳለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የዳማዋን በቅሎ ትከሻ ስዳብስ እጄ ሞቀው። ፀጉሩ ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ተልጧል፣ ዙሪያው አብጧል። በቅሎዋ ቆዳዋን አንቀጠቀጠችና ወደ ግድግዳው ሸሸች። መገጠብ ጀምራለች። ጋሪ የነዳ ሰው ገጣባ ከብት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዛሬ ሳንቲም ያህላል፣ ትራሱ እየፈገፈገው ሳምንት ከሠራች መዳፍ ያህላል፣ ከዚያ በኋላ ሥጋ ይበላል።

አለቃዬ በየጠዋቱ ጎልፍ ካርት በምትባል ትንሽ ክፍት መኪና ይመጣል፤ ጉልበቱ ላይ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የእያንዳንዷ በቅሎ ስም፣ ደህና ናት ወይም አይደለችም የሚል ሳጥን፣ የነጂው ፊርማ። አንድ ነጂ «አይደለችም» ካለ የእንስሳት ሐኪም አይቶ እስኪፈርም ድረስ በቅሎዋ ከጋጣ አትወጣም። የመጀመሪያው ቀን አስረድቶኛል። ያላወቅኩት ነገር አልነበረም።

«ሞርኒንግ ሰር! እንዴት አደርን? ሴቶቹስ?» ሴቶቹ የሚላቸው በቅሎዎቹን ነው።

«ደህና፣ ደህና፣ ጌታ ይመስገን» አልኩት።

እናንተ የአገሬ ልጆች ይህን አታጡትም። በእኛ ወግ ሰው እንዴት ነህ ሲል ቤትህ እየነደደም ቢሆን ደህና ትላለህ። እሱ ይደግማል፣ አንተ ትደግማለህ፤ ልጆች፣ ጤና፣ ሥራ እያላችሁ ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሳችሁ በኋላ ነው «ምን ባክህ፣ ቤቴ እኮ እየነደደ ነው» የሚባለው። ሳያንኳኳ ሰው ቤት ዘሎ የሚገባ ችግር ባለጌ ነው። እኔም አንኳኩቼ ቆምኩ። ሁለተኛውን ዙር እጠብቃለሁ። ልጁ ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረገ፣ አስፈረመኝና አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

ለምን ፈረምክ? ልጄም ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት በየጠዋቱ የመኪናዬን ምርመራ ወረቀት ስሞላ አንዲት የተበላች ጎማ ደብቄ አላውቅም። የጎማው ወረቀት ግን እንዴት አደርክ አይለኝም፤ ስለዚህ አፍሬው አላውቅም። እዚህ ግን በአፌ ደህና ብዬ እዚያው ፊቱ በእጄ አይደለችም ብዬ ልጽፍ ነው? ነገ በወጉ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም «ሞርኒንግ ሰር!» አለኝ። ነገም «ደህና፣ ጌታ ይመስገን» አልኩ። የሰባ ዓመት ምላስ ፍሬን የለውም።

በሦስተኛው ቀን ጎልፍ ካርቱን ሮጬ ልደርስበት ሞከርኩ። በዚያ ቦት ጫማ ያየኝ ሰው ጫማው እኔን ይዞ እየሸሸ ነው ብሎ ይምል ነበር። ልጁ ዞር ብሎ አየኝና እጁን አውለበለበልኝ። ሰላም ያልኩት መስሎታል።

በአራተኛው ቀን ቢሮው ገባሁ። በጎን መጣሁ፤ ሰው ሳይከፋው የሚገባው አድርጌ።

«ይሄ የዳማዋ ትራስ ግን አርጅቷል፤ አይደል?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «አዎ! ኦሪጅናል ቆዳ ነው! እንደሱ ዓይነት አሁን አይገኝም ሰር። ስላስተዋልክ ደስ ብሎኛል።»

ጭራሽ አመሰገነኝ! ወጣሁ። በር ላይ ቆሜ ራሴን በአማርኛ ሰደብኩት፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያነቡኝ ሰዎች አሉ።

እሑድ ለእኔም ለበቅሎዎቹም ዕረፍት ነው። ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ለጓደኛዬ ነገርኩት። እሱን እንኳ መጀመሪያ «እንዴት ነህ ካውቦይ» ሲለኝ «ደህና፣ ተመስገን» ብዬ፣ ስለ ሚስቱ ጉልበት ጠይቄ፣ ስለ ልጁ ምረቃ ሰምቼ ነው።

«ለአንዲት በቅሎ ብለህ ሥራህን እንዳታጣ» አለኝ። «ጸልይበት።»

«ጸሎቱን እኔ ልጸልይ፤ ጭነቱን ማን ይጎትት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስታረጅ ነገረኛ ሆንክ። ቁስሉን በጨው ውሃ እጠብላት፣ ስሩ ለስላሳ ነገር ጣልላት፣ ይድናል።»

ይኼ ምክር ጣመኝ። ለምን? ከማንም ጋር ፊት ለፊት አያጋጥመኝማ። ሰኞ ጠዋት ልጄ ስፖርት የምትሠራባትን ወይን ጠጅ ምንጣፍ መሐሏን በመቀስ ቆርጬ ይዤ ሄድኩ። ቁስሉን አጠብኩ፣ ቁራጩን ትራሱ ስር ወተፍኩ። እንደ ሐኪም ኮራሁ። ሞኝ ሐኪም። ላስቲኩ ሙቀቱን አፍኖ፣ በላቡ እየተንሸራተተ፣ ሳንቲሙን በሦስት ቀን ውስጥ መዳፍ አደረገው። በየጠዋቱ አያለሁ። በየጠዋቱ ደህና እላለሁ። ስምንት ደህና፣ ዘጠኝ ደህና።

በአሥረኛው የሥራ ቀን፣ ሐሙስ፣ አለቃዬ ነጂዎቹን ሁሉ ሰበሰበ። ቅዳሜ ትልቅ ሰልፍ አለ፤ የሰረገላው መነሻ ከከተማው ሰሜን ካለ በረት ነው፣ መድረሻው ጡቡ መንገድ። ስድስት ማይል። «በዚህ ጊዜ ስፖንጅ የለም» አለ እየሳቀ። «እውነተኛ ጭነት! ከረጢቶቹ በቆሎ፣ በርሜሎቹ ውሃ፣ ላያቸው ላይ የብረት ምድጃ።» ሌሎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦ «ሰር፣ አንተ ነህ መሪው። እውነተኛ የጭነት ሰው።»

ስመኘው የኖርኩት ጭነት መጣ፤ የሚጎትተው ግን የተገጠበው ትከሻ ነው።

ዓርብ ማታ ልጄ ከሥራ ገብታ ምንጣፏን ዘረጋችው። ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ እዚህ አድጋ አማርኛዋ እንደ ሾርባ ነው፣ ሁሉም ነገር ይገኝበታል። በቀዳዳው ውስጥ አየችኝ።

«አባዬ። ዋት ኢዝ ዚስ።»

ነገርኳት። ስልኬ ላይ ያነሳሁትን የቁስሉን ፎቶ አሳየኋት። ሳቋ ከፊቷ ወረደ።

«ይሄ ፕሬሸር አልሰር ነው። እኔ ጋ ያሉት ፔሸንቶች ሲተኙ እንደሚወጣባቸው። መቼ ጀመረ?»

«ባለፈው ሰኞ ሳምንት።»

«ሶ ለማን ነገርክ?»

«ልነግረው ነበር።»

«ጻፍከው?»

ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

«አባዬ፣ እኛ ጋ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። ደህና ብለህ ከጻፍክ ደግሞ ደህና ነች ማለት ነው። እሱ ምን ያድርግ?»

«ሰው አይደለም እንዴ? ሰላምታ እንኳ ጨርሶ አይሰማም! ጠይቆ ይሄዳል!»

«ኦኬ፣ እሱ ሩድ ነው። አንተስ? በቅሎዋ ምን አድርጋህ ነው?»

ጮኽኩባት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ስለ አስተዳደግ፣ ስለ አክብሮት፣ ስለ አሜሪካ አንድ ነገር ነው። እሷ አልጮኸችም። ምንጣፏን ጠቅልላ፣ «ነገ ስትሄድ ሰላም አትበለው። ዝም ብለህ ንገረው» ብላ ገባች። የገዛ ልጅህ ልክ ስትሆን የሚያናድድህን ያህል ሌላው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢሳሳት አያናድድህም።

ቅዳሜ ጠዋት በረቱ ዙሪያ ሰው ከወዲሁ ሞልቷል። ጋሪው ተጭኗል፤ እውነተኛ ጭነት መሆኑን ጎማዎቹ መሬት ውስጥ ሰመጥ ብለው ይናገራሉ። በቅሎዎቹ ተጠምደዋል፤ ከእኔ ቀድሞ የመጣ ሌላ ነጂ ነው የጠመዳቸው። ዳማዋ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አጣማ ቆማለች። ጎልፍ ካርቱ መጣ።

«ሞርኒንግ ሰር! እንዴት አደርን?»

«መጥፎ» አልኩት።

እንደምን አደርክ እንኳ አላልኩም። ከአፌ ሲወጣ ሰው በጥፊ የመታሁ መሰለኝ።

ካርቱ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ!

«ዳማዋ ተገጥባለች። ዛሬ አትወጣም።»

«እንዴ፣ ትናንት ደህና ናት ብለኸኝ ነበር እኮ።» ወረቀቶቹን ገለጠ። «ሐሙስ ደህና። ረቡዕ ደህና። ማክሰኞ…» አሥራ አንዱንም አነበባቸው። ከእያንዳንዱ ስር ፊርማዬ አለ፤ በሚያምር ጽሑፍ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ጅራት ዘርጋ አድርጌ።

ያኔ ፈነዳሁ። ስጮህ ቱሪስቶቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ስልካቸውን አወጡ።

«በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አንድ ቀን እጅህን ከትራሱ ስር ከተሃል? የራስህን ከብት ነክተህ ታውቃለህ? ትጠይቃለህ፣ መልሱን ሳትሰማ ትሄዳለህ!»

«መልሱን ሰምቻለሁ ሰር» አለ ሳይጮኽ። «ደህና አልክ።»

በቅሎ አባትሽ ማነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው ነው የሆንኩት፤ የተጠየቅኩትን ትቼ የሚያምረውን ስመልስ ኖሬ። ዘወር ብዬ ትራሱን ፈታሁና አነሳሁት። ቁስሉ እርጥብ ነበር፤ የወይን ጠጇ ምንጣፍ ቁራጭ ተለጥፋበታለች። ልጁ ከካርቱ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። ልወደው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ከዚያ ሰዉን አየና፣ «ስድስት ማይል ብቻ ናት» አለኝ በለሆሳስ። «ቀስ ብለን እንሂድ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ታርፋለች። ትርፍ በቅሎ የለኝም ሰር።»

አይቶት ነው እንዲህ ያለው። ይህን ልብ በሉልኝ። የእኔ ጥፋት ከእሱ ይበልጣል፣ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ካየ በኋላ ነው ያለው።

«የዛሬውን ወረቀት አምጣ» አልኩት።

«ይህን ከጻፍክ ሰልፉ ቀረ ማለት ነው።»

«አምጣው።»

አይደለችም የሚለው ሳጥን ላይ እንዲያ ተጭኜ ምልክት ሳደርግ ወረቀቱ ተቀደደ። ፈረምኩ፤ ጅራቷን አልዘረጋሁም። ልጁ ተቀበለኝ። ስልኩን አወጣና እዚያው ቆሞ ለእንስሳት ሐኪሟ ደወለ። እንዲህ ነው ያለው፦ «ቁስል አለ፣ ዛሬ ትመጪያለሽ?» ከዚያ ስልኩን ዘጋ።

በቃ። ይኸው ነው። አንድ ቃል፣ አንድ ምልክት፣ አንድ ስልክ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በአእምሮዬ ያየሁት ተራራ እኔው የቆለልኩት ነበር። ሰውየው ቢያባርረኝ፣ ቢሰድበኝ፣ እምቢ ብሎ ቢታገለኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያን ዕለት ያለቀሰ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፤ ላብ ነው።

ሐኪሟ መጣች። ቁስሉን አጥባ፣ መድኃኒት አድርጋ፣ «ጥቂት ቀን ብትጨምር ኖሮ ሥጋው ውስጥ ይገባ ነበር» አለች። ስድስት ሳምንት ዕረፍት። «መቼ ነው የጀመራት?» ብላ ስትጠይቅ አለቃዬ ወደ እኔ ተመለከተ።

«የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን» አልኩ። «አውቅ ነበር።»

ሰልፉ ቀረ። በቆሎው፣ ውሃውና ምድጃው የተጫኑበት ጋሪ ባለበት ቆሞ ሰው ፎቶ ተነሣበት። ዕድሜዬን ካጓጓዝኩት ጭነት ሁሉ ያኛው ብቻ ነው ከተጫነበት ሳይነቃነቅ የተራገፈ፤ እኔም ላዩ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነሥቻለሁ፣ ባርኔጣዬ ዓይኔን ሸፍኖት።

አላባረረኝም። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ፤ ከዚያ በኋላ ያችኑ ሞርኒንግ ሰሩን ይዞ ተመለሰ። አሁንም ጠይቆ ይሄዳል፤ አልተለወጠም፣ እኔም ይለወጣል ብዬ አልጠብቅም። አሮጌውን ትራስ ግን ከግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ኦሪጅናል ቆዳ ብሎ ለቱሪስት ያሳይበታል። በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ፤ የቀሩኝን።

እኔም እንደ አዛውንቱ ሆኛለሁ። ዳብሼ ሳልጨርስ ለማንም ሰላምታ አልመልስም። ጓደኛዬ ትዕቢተኛ ሆነ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አስወርቶብኛል። ያስወራ።

ዳማዋ ድናለች፤ ባለፈው ሳምንት ሥራ ጀመረች፣ ስፖንጁን ትጎትታለች። የተገጠበው ቦታ ላይ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የበቀለው፤ እንደዚያ ነው ልማዱ። እጄን ወደዚያ ትከሻዋ ስሰድ እስከ አሁን ትሸሸኛለች። ከአለቃዬ አትሸሽም። እሱማ ነክቷት አያውቅም።

ትናንት አንዲት ሴትዮ ልታሻሻት ቀረበችና፣ «እንዴት ደስ ይላል፤ ይሄ ነጩ ምልክት ከተወለደች ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳልላት።